በውሃ ልክ

የባለቤቴ ጉልበት እምቢ ያለው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ከምንጭ ስትመለስ መንገድ ላይ አረፍ ማለት ጀመረች። ቀጥሎ ማረፊያዎቹ በዙ። በመጨረሻ አንድ ጎረቤታችን ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ መንገድ ዳር ተቀምጣ ስታለቅስ አግኝቷት መጥቶ ነገረኝ። እኔ ያን ሰዓት ግቢ ውስጥ የበር መቃን እየላግሁ ነበር።

"ለምን አልጠራሽኝም?" አልኳት ስትደርስ።

"ብጠራህስ ይሰማሃል እንዴ? አንተ እኮ ላይ ነህ" አለችኝ።

ቤታችን ከአንጋጫ ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አናጢ ነኝና። ቦታውን የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ምንጩ ከታች ነው፤ ገበያውም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከታች ናቸው። ከቤታችን የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን ቁልቁል ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን ሸክም ይዞ ሽቅብ ነው። ይህን ዛሬ እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ እንጂ ያኔ አስቤው አላውቅም። ለእኔ ዳገቱ ንጹህ አየር ነበር፤ ወባ የማይደርስበት፣ ውሃ የማይተኛበት፣ እንሰቱ ጓሮ ውስጥ ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅልበት አገር። ልጆቼንም "ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሊሰንፍ አይችልም" እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። አሁንም ግማሹ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላውን ግማሽ የተሸከመችው እሷ ነበረች።

ሆሳዕና ወስጄ አስመረመርኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው። የጉልበቷን ፊልም ወደ መስኮቱ አንሥቶ ሲያየው ቆየና፣ "እማማ፣ ቤትዎ ሜዳ ላይ ነው ወይስ ተዳፋት ላይ?" አላት።

"ሰማይ ላይ ነው" አለችው።

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

"እንግዲህ ዳገት ይቅርባቸው" አለ ወደ እኔ እያየ። "መድኃኒቱ ሕመሙን ያበርዳል፤ ዳገቱን አያስተካክልም። በዚህ ከቀጠሉ አንድ ቀን ከነጭራሹ መራመድ ያቅታቸዋል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ። እሷ እየተራመደች የምትኖርበት የተስተካከለ መሬት ይገኝላት፣ ወይስ እኔ በመረጥኩት ዳገት ላይ ተቀምጣ ትቅር?

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ያገኘሁት ከልጆቼ መጻሕፍት ነው። የጂኦግራፊ መጽሐፋቸውን ቅጠሉ እስኪበጣጠስ አንብቤዋለሁ። ደጋ ከፍ ያለ፣ ቆላ ዝቅ ያለ፣ ረግረግ ደግሞ ውሃ የሚያዘወትረው መሬት ነው ይላል። ሥዕልም አለው፤ ተራራው በቡኒ፣ ቆላው በቢጫ፣ ረግረጉ በሰማያዊ ሰረዝ። መጽሐፉ አልዋሸም። እኔ ግን መሬትን ያወቅሁት ጉድጓድ ቆፍሬ ቋሚ በመትከል ነው። ከዳምቦያ እስከ ጃጁራ ቤት ሠርቻለሁ። ደጋ ላይ የሚያስቸግርህ ተዳፋቱ ነው፤ አንዱን ጥግ ትቆፍራለህ፣ ሌላውን ጥግ ትደለድላለህ፣ ካልተጠነቀቅህ ቤቱ ከዓመት ዓመት ወደ ቁልቁለቱ እያዘመመ ይሄዳል። ቆላ ከሆነ ምስጥ አለ። ባህር ዛፍ ተክለህ ሄደህ ስትመለስ ግድግዳው በልምድ ቆሞ ታገኘዋለህ፤ ቋሚው ውስጡ አልቋል። ረግረግ ዳር ግን ምን እንደሚገጥምህ አታውቅም። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ይላላል። ቋሚህን የሚበላው ነገር የለም። ዝም ብሎ ይሰምጣል። እዚያ አገር ሥራ ሲመጣልኝ ሰበብ ፈልጌ እምቢ እል ነበር።

በእኛ ልማድ ያረጀ ወላጅ የሚጠጋው ወንድ ልጁን ነው። የእኛ ልጅ ወደ ግቤ ቁልቁል በሚወስደው ወገን፣ ቆላ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ እሱ ሄድን። መኪናው ዝቅ ዝቅ ባለ ቁጥር ባለቤቴ በመስኮት እያየች፣ "አሁን ሜዳው ሊመጣ ነው" ትላለች። እኔም እንደ እሷ ነበር የጠበቅሁት። መጽሐፉ ላይ ቆላው ቢጫ ሆኖ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነውና።

ሜዳው አልመጣም። የልጃችን ቤት ከኋላው ሸለቆ፣ ከፊቱ ጉብታ ነው። ወደ ግቤ የሚወርደው ጅረት ሁሉ መሬቱን ቆራርጦታል። ውሃ ለመቅዳት ገደል መውረድ፣ ገበያ ለመሄድ ጉብታ መውጣት። ዝቅ ያለ ማለት የተስተካከለ ማለት እንዳልሆነ በዚህ ዕድሜዬ ነው የገባኝ። ሙቀቱ ደግሞ አለ። ቀን ቀን ከቆርቆሮው ሥር መቀመጥ ስለማይቻል ከአንድ ግራር ሥር ጥላውን እየተከተልን እንዞራለን።

"የእኛ ዳገት እንኳ ጥሬ ነበር" አለች ባለቤቴ ከገበያ እያነከሰች ስትመለስ። "ይሄኛው የተጋገረ ነው።"

ብዙም ሳንቆይ ወባ ያዛት። ልጄ አጠገቧ ተቀምጦ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገ፣ "አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አጎበሩ ተቀዶ ነበር፣ ሳላየው" አለኝ።

"ጥፋቱ የአገሩ ነው" አልኩት።

ክፉ ንግግር ነበር። አገሩ እሱንም ሚስቱንም ልጆቹንም የሚያኖር አገር ነው። በርበሬያቸው ያማረ፣ ከብታቸው የሰባ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚያርዱ ሰዎች ናቸው። እኛ ደገኞች ከቆላ የመጣን ነገር ሁሉ፣ ሰውንም ጭምር፣ ዝቅ አድርገን የማየት በሽታ አለብን። ሰው ወደ ቆላ ሲሄድ "ወረደ" እንላለን፤ ቃሉን ስንናገረው እግሩን ብቻ አይደለም የምናወርደው። ልጄ ጨርቁን ነክሮ ወደ እናቱ ግንባር ተመለሰ። ለአባቱ መልስ እንዳይሰጥ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ለሕክምና ወደ ሆሳዕና ተመለስንና ዘመድ ቤት ጥቂት ሰነበትን። ባለቤቴ ስታገግም ከዘመዳችን ቤት እስከ አስፋልቱ ወጣ እያለች መንቀሳቀስ ጀመረች። አንድ ጠዋት መሃል መንገድ ላይ ቆማ ዙሪያውን አየች። "አንተ ሰውዬ፣ እዚህ እኮ ደጋ ነው፤ ብርዱን አየኸው? መሬቱ ግን ተኝቷል!" አለችኝ፣ እንዳታለልኳት ሁሉ። እውነቷን ነው። የሆሳዕና ከፍታ ላዩ ሰፊ ነው፤ ሰው ከፍታው ላይ ሆኖ ሜዳ ላይ ይሄዳል። ደጋ ሁሉ ዳገት ነው ብላ ያመነችው የእኔን ደጋ ብቻ ስለምታውቅ ነው። ግን የከተማ ኪራይ የእኛ አቅም አልነበረም፤ ዘመድ ቤትም ዕድሜ ልክ አይኖርም።

የቀረችው ሴቷ ልጃችን ናት። አስተማሪ ናት፤ ከቦኖሻ አለፍ ብሎ፣ የቦዮ ረግረግ ዳር ካለ መንደር የሻሸጎ ሰው አግብታ ትኖራለች። በስልክ ስንት ጊዜ "ኑ፣ ከቤታችን ጎን አንድ ክፍል እናውጣላችሁ" ብላናለች። እኔ ነበርኩ የማልሰማት። ሴት ልጁን የዳረ ሰው ሊጠይቃት ይሄዳል፣ ምሳ በልቶ ይመለሳል፤ ደጇ ላይ አያረጅም። አማቹ ፊት እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥ አማት በእኛ ዘንድ መሳቂያ ነው።

"ሰው ምን ይላል?" አልኳት ባለቤቴን።

"ጉልበቴ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ አይለይም" አለችኝ። "አንተ ካፈርክ ፊትህን ተሸፋፍነህ ግባ።"

ተስማማሁ። አማቼ ሥራውን ሲጀምር እኛ ገና ሆሳዕና መድኃኒት ላይ ነበርን። ስለዚህ ክፍሉ የተሠራው በስልክ ነው። አማቼ በሰል ያለ፣ ትጉህ ሰው ነው፤ በቆሎ ያመርታል፣ ይነግዳል። የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሀዲይሳ፣ የእኔ ከምባትሳ ነው። የምንገናኘው በአማርኛ ነው፤ ለሁለታችንም በኋላ የመጣ ቋንቋ። እሱ ወንድና ሴት ያምታታል፣ ባለቤቴን "ደህና አደረ ወይ?" ይላታል። እኔ ደግሞ ስቸኩል ቃል ይጠፋብኛል።

"አባባ፣ ድንጋይ መጥቷል" አለኝ አንድ ቀን ደውሎ። "መሠረቱን እንዴት ላውጣው?"

"በውሃ ልክ አውጣው" አልኩት።

"በውሃ ልክ?"

"አዎ፣ በውሃ ልክ። በዓይን ግምት እንዳትሠራ።"

"ገባኝ፣ አባባ። እለካለሁ።"

ውሃ ልክ በእኛ ሙያ መለኪያ ነው። በውስጡ ትንሽ ብርጭቆ አለች፣ በብርጭቆዋ ውስጥ አረፋ፤ አረፋዋ መሃል ላይ ስትቆም ሥራህ አልዘመመም ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ የያዝኩት ዕቃ ስለሆነ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም። አናጢ ላልሆነ፣ ውሃ ዳር ለተወለደ ሰው ግን ሁለት ተራ ቃላት ናቸው።

የገባነው በጥር ነው። ከቦኖሻ ባጃጅ ያዝን። ባለቤቴ እንደ ሙሽራ ግራ ቀኝ ታያለች። መሬቱ ተዘርግቷል፣ ተዘርግቷል፣ አያልቅም። ቄጠማና ፊላ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያብረቀርቅ ውሃ፣ ውሃው ላይ ወፍ። ከብት በየአቅጣጫው ይግጣል። አጥር የለም፣ እርከን የለም፣ ከፍ ያለ ነገር ቢኖር ጉንዳን የሠራው ነው። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ደጋ ላይ ሰው ሲያይ ወይ ወደ ታች ነው ወይ ወደ ላይ፤ እዚህ ዓይን ሄዶ ሄዶ ይደክማል።

ክፍሉን አየሁት። የጭቃ ምርጊቱ ጥሩ ነው፣ ቆርቆሮው በደንብ ተመቷል። ውሃ ልኬን ከሻንጣ አውጥቼ ወለሉ ላይ ሳስቀምጣት አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች። "ጎበዝ" አልኩት አማቼን። እኔ ጎበዝ የሚል ቃል በቀላሉ አይወጣኝም፤ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

"ክር ዘርግቼ ነው፣ አባባ" አለ ደስ ብሎት። "ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጀምሬ።"

ከትምህርት ቤቱ ድረስ ክር መዘርጋት ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅሁትም። ጥንቃቄ መሰለኝ።

በማግስቱ ይዞኝ ዞረ። ማሳውን ሲያሳየኝ፣ "የውሃው ዳርቻ የቱ ጋ ነው?" አልኩት።

"በየትኛው ወር?" አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

"አሁን፣ በጥር።"

"በጥር እዚያ ነው፣ ወፎቹ ያሉበት። በሰኔ እዚህ፣ ዛፉ ጋ ይመጣል። በነሐሴ..." ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። "በነሐሴ እሱ ነው እኛን 'ዳርቻችሁ የቱ ጋ ነው?' ብሎ የሚጠይቀን።"

አብሮን የሚሄደው ጎረቤቱ በሳቅ ሞተ። "አባ ደገኛ ናቸው" አለው፣ "ውሃ የሚያውቁት በጀሪካን ነው።"

ወደ እኔ ሲመጣ ቀልዱ ቆነጠጠኝ፤ ለሰውዬው ግን አልፈረድኩበትም። እኛ ዘንድ ድንበር ማለት አባትህ የተከለው ቁጥቋጦ ነው፤ አንድ ክንድ የገፋ ሰው ሽምግልና ይቀመጥበታል። እዚህ ግን አንዱ መሬት በዓመት ውስጥ የብዙ ባለቤት ነው። ውሃው ሲሸሽ እርጥበቱ ላይ በቆሎ ይዘራበታል፤ ሣሩ ሲያድግ የመንደሩ ከብት ሁሉ ይገባበታል፤ ቄጠማው ሲደርስ ሴቶች ያጭዱታል፤ ክረምት ሲገባ የዓሣና የወፍ ይሆናል። ማንም "የእኔ" ሲል በወር ለክቶ ነው።

ባለቤቴ በዚያ መሬት ላይ እንደገና ሰው ሆነች። በመጀመሪያው ሳምንት ከግቢ አልወጣችም። ከዚያ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወደ ጸሎት ፕሮግራም መሄድ ጀመረች። ከዚያ ገበያ። ቋንቋቸውን አታውቅም፣ ግን ሳቋ ከሩቅ ይሰማኛል። አንድ ቀን ከገበያ አብረን ስንመለስ ቀደመችኝ። ዘወር ብላም አላየችኝ፤ ከአንዲት ሴት ጋር በምልክትና በተሰባበረ አማርኛ እያወራች ሄደች። ከኋላዋ ሆኜ አካሄዷን አየሁት። ይህን ያህል ፈጥና ስትሄድ መቼ እንዳየኋት ማስታወስ አቃተኝ።

እኔ ግን አልሆነልኝም። እንቅልፌ ሸሸኝ፤ የጓጉንቸሩ ጩኸት እስከ ንጋት ነው። ከላይ ያመጣሁትን የእንሰት ችግኝ ከክፍሉ ኋላ ተከልኩት፤ የመጀመሪያው ዝናብ ውሃ አቁሮበት ሥሩ ሸተተ። ነቅዬ ስጥለው አማቼ አየኝና ዓይኑን መለሰ። መዋያም የለኝም። ሥራ ሲገኝ እሠራለሁ፣ ሳይገኝ ተቀምጬ ተራራውን አያለሁ። ጥርት ባለ ቀን የአገራችን ተራራ አምባሪቾ ከሩቅ ይታያል፤ እዚያ ሆኜ ይህን ሜዳ ስንት ጊዜ በንቀት ቁልቁል አይቼዋለሁ። ለባለቤቴ "እንመለስ" አላልኳትም። እንድታውቅልኝ ግን ፊቴን አጥቁሬ እቀመጥ ነበር። የወንድ ልጅ ኩርፊያ ከልጅ ኩርፊያ አይሻልም።

ክረምቱ ገባ። ደጋ ላይ ጎርፍ ድምፅ አለው፤ ከላይ እየጮኸ ይመጣል፣ ያገኘውን ይዞ ያልፋል፣ ከሰዓት በኋላ ጭቃውን ትጠርጋለህ። እዚህ ውሃ አይጮህም። ዛሬ ሣሩ ውስጥ ያበራል፣ ነገ መንገዱን ይሻገራል፣ ከነገ ወዲያ ዶሮዎቹ አጥር ላይ ወጥተው ያድራሉ። እየተነሣ መሆኑን የምታውቀው ትናንት ያየኸውን ድንጋይ ዛሬ ስታጣው ነው።

ቀለሙን አየሁት፤ ቀይ ነበር። የእነሱ አፈር ጥቁር ነው። ቀዩ ከየደጋው ወንዞቹ የሚያመጡት ነው፤ እኛ የተዳፋቱን ዛፍ ቆርጠን፣ ሽቅብ ቁልቁል አርሰን የለቀቅነው። ለብዙ ቤት የሚሆን ዛፍ በእጄ የጣልኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ሌላውን ብቻ ልወቅስ አልችልም። ደጋ ላይ በየስብሰባው መሬታችን ሳሳ፣ አፈራችን አለቀ እንላለን። የሄደበትን አገኘሁት። በልጄ ደጃፍ ነው ያለው።

በነሐሴ አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ውሃው ከወለሉ ጋር ተስተካክሎ ቆሟል። አንድ ጣት ቢጨምር ይገባል። ደጃፋችን ላይ ድንጋይ የለም፣ ደረጃ የለም፣ ውሃ ብቻ። ልጄ ከነቤተሰቧ ከሚኖርበት ከአሮጌው ቤት አማቼ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃውን እየረገጠ መጣ። ፊቱ የበዓል ፊት ነበር።

"አዩት፣ አባባ?" አለ የበሩን ደፍ በእጁ እየደበደበ። "ልክ በውሃ ልክ! ፀጉር እንኳ አልሳተም!"

"ምንድን ነው የምትለው?"

"እርስዎ ያሉኝ! ከዚህ በፊት የመጣው ትልቁ ውሃ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ምልክት ትቷል። ከዚያ ምልክት ክር ዘረጋሁ፣ መሠረቱን እዚያው ላይ አቆምኩ። በውሃ ልክ አላሉኝም?"

ሰውዬው ያልኩትን አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ ፈጽሞታል። በሙያ ዘመኔ ትእዛዜን እንደዚህ የጠበቀ ሠራተኛ አላጋጠመኝም። ከኋላዬ ባለቤቴ አልጋው ላይ ሆና ስትስቅ ሰማሁ፤ እስኪያስላት ሳቀች።

"ከፍ አድርግ ማለት ምን ቸገረህ?" አለችኝ። "ለኛ ከፍ ከፍ እያልክ አይደለም ወይ የኖርከው?"

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ውሃው ደፉን እየዘለለ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። የግድግዳው የታችኛው ጭቃ መላላት ጀመረ፤ ከጥግ አንድ ቁራጭ ሲወድቅ ሰማሁት። ልጄ መጥታ በር ላይ ቆመች። "አባባ፣ እማዬን ይዘው እስከ መስከረም ወደ ላይ ይውጡ። ሲደርቅ ትመለሳላችሁ" አለች።

እውነቱን ልጻፍ፤ ልቤ ዘለለ። የሚያሳዝን ፊት አሳየሁ እንጂ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ሳልጠይቅ፣ እኔ ሳልሸነፍ፣ ውሃው ራሱ ፈረደልኝ አልኩ። አንዴ ከወጣን ደግሞ እንደማንመለስ አውቃለሁ። ወዲያው ዕቃ ማሰር ጀመርኩ። ባለቤቴ እግሯን አልጋው ላይ ሰብስባ ታየኛለች።

"የማንን ዕቃ ነው የምታስረው?" አለችኝ።

"የእኛን።"

"የእኔን ፍታው።"

"ቤቱ ሊፈርስ ነው እኮ!"

"ይፍረስ። ልጄ ቤት እገባለሁ፤ እነሱ መሠረታቸው ከፍ ያለ ነው፣ አናጢ አላማከሩም።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አልወጣም። ስማኝ፣ ውሃው ይሄዳል። ዳገቱ ግን የትም አይሄድም። አንዴ ከወጣሁ የምወርደው ሰው ተሸክሞኝ ነው።"

"እኔስ?" አልኳት።

"አንተ ከፈለግህ ውጣ። ምንጩን ታውቀዋለህ?"

መንገዱን ማለቷ አልነበረም። ያን ሁሉ ዘመን ከዚያ ምንጭ ስንት ጀሪካን እንደቀዳሁ ነው የጠየቀችኝ፤ መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የተቆጣሁ ለመምሰል ሞከርኩ፣ ግን መቆጣት እንኳ ጉልበት ይፈልጋል። ገመዱን ፈታሁት። ልጄ በር ላይ ሆና አየችን፤ ሻንጣውን ተቀብላኝ ወደ እነሱ ቤት ይዛው ሄደች። አማቼ ባለቤቴን አዝሎ ውሃውን አሻገራት፤ እሷ ጀርባው ላይ ሆና ትስቅ ነበር፣ እሱ ደግሞ በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ ነበር። አማቱን ያዘለ ሰው በእሱም ወገን በእኔም ወገን ተሰምቶ አይታወቅም።

ክረምቱን ልጄ ቤት ከረምን። አማቼ ፊት እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ፤ የሳቀብኝ የለም። ውሃው እንደመጣው ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ ሸሸ። ክፍሉ አንድ ጎኑ ሰምጦ ቀረ። አልጠገንኩትም። በጥቅምት ብቻዬን ወደ ላይ ወጣሁና ቤቴን ፈታሁት።

ጎረቤቶቼ ተሰብስበው አዩኝ። እኛ ዘንድ በቁሙ ያለ ሰው ቤቱን አያፈርስም። "ምነው ሳትሞት?" አለኝ አንዱ አብሮ አደጌ፤ ቀልዱ ውስጥ እንባ ነበረበት። መሬቱንና እንሰቱን ለወንድሜ ልጅ ሰጠሁት፤ ምርጡ እንሰት ሲቆረጥ ቆሜ አላየሁም። ቋሚዎቹ ጽድ ናቸው፣ በወጣትነቴ መርጬ የተከልኳቸው። ስነቅላቸው አፈር ውስጥ የነበረው ጫፋቸው እንኳ ደህና ነበር። የጭነት መኪናው እስከ ቤታችን አይወጣም፤ እንጨቱን ከወጣቶች ጋር ተከፋፍለን በትከሻ ወደ መንገዱ አወረድነው። የመጀመሪያውን አውርጄ ለሁለተኛው ስመለስ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ደግሞ ባዶ ትከሻዬን ነበር የምወጣው። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደቆምኩ፣ ለምን እንደቆምኩ ለማንም አላስረዳሁም፤ ማስረዳት ያለብኝ ሰው ሜዳው ላይ ነበር።

አሁን በዚያ ጽድ ሌላ ክፍል ሠርተናል። መሠረቱን የግድግዳው ምልክት ላይ ሳይሆን ከምልክቱ በላይ አንድ ክንድ አውጥተን፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረን። አማቼ በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ አንድ ቃል ስናገር "ምን ማለትዎ ነው?" ሳይል አይሠራም። እኔም ሳልቆጣ እደግመዋለሁ። ይበቃል አይበቃም የሚነግረን የሚመጣው ነሐሴ ነው። መሬቱ ከአሁኑ ትንሽ ትንሽ እየተነፈሰ ነው፣ ቋሚዎቹን በየጊዜው አያቸዋለሁ።

በሩን ስንቆርጥ ተከራከርን። እኔ ወደ ተራራው ላደርገው ነበር፤ ጠዋት ስነሣ እንዳየው።

"ወደ መንገዱ አድርገው" አለች ባለቤቴ።

"መንገዱ ላይ ምን አለ?"

"ሰው አለ። ደግሞ እኔ የምወጣው በዚያ ነው።"

ወደ መንገዱ አደረግሁት። ተራራውን ለማየት ቤቱን መዞር አለብኝ። አንዳንድ ቀን እዞራለሁ። አንዳንድ ቀን ይደክመኝና እተወዋለሁ።